የ1930ዎቹን የእንግሊዝ ኑሮ ለማወቅ ከየትኛው መጽሐፍ ይጀመር?

የብሪታንያን ማኅበራዊ ታሪክ ማንበብ የምትፈልጉ ሁሉ፣ ከነገሥታቱ ታሪክ በፊት ከተጓዦች ማስታወሻ ብትጀምሩ ይበጃችኋል። በቅድሚያ እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመውን የጄ. ቢ. ፕሪስትሊን «የእንግሊዝ ጉዞ» አንብቡ፤ ከሳውዝሃምፕተን ተነሥቶ አገሪቱን ሲዞር የከተሞቹን ልዩነት አጥርቶ ያሳያል። ከዚያ በ1937 ወደ ወጣው የጆርጅ ኦርዌል «ወደ ዊጋን ፒየር የሚወስደው መንገድ» እለፉ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪው ከመሬት በታች ጎብጦ፣ አንዳንዴም ከአንድ ማይል በላይ እየተጓዘ ወደ ሥራው ሲደርስ፣ ያ ሁሉ ድካም በደመወዙ እንደማይታሰብለት የሚተርከውን ምዕራፍ ሳትቸኩሉ አንብቡት፤ በእኔ እምነት ስለ ዘመኑ የሠራተኛ ኑሮ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ልብ የሚነካው እርሱ ነው። የዚሁ የኦርዌል መጽሐፍ ሁለተኛው ክፍል በአብዛኛው የፖለቲካ ክርክር ስለሆነ፣ የዕለት ተዕለት ኑሮውን ብቻ የምትሹ ለኋላ ልታቆዩት ትችላላችሁ።