የድርጅቶችን የፋይናንስ ሪፖርት ጥራት እንዴት እናጥና? ወሎ ላይ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች

ደሴ ወይም ወልድያ ተቀምጦ በአካውንቲንግ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ «የፋይናንስ ሪፖርት ጥራት» የሚል ርእስ ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ቀመር ነው። ቀመር መምረጥ ግን ሁለተኛ ሥራ ነው። በፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ሊሰፍር የሚገባው፣ የሚጠናው ሪፖርት ማን እንዲያነበው ተብሎ እንደተዘጋጀ ነው። በዘርፉ ስም ያገኙት መለኪያዎች በአብዛኛው የተቀመሩት በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በተመዘገቡ ኩባንያዎች ላይ ሲሆን፣ የእነዚያ ሪፖርቶች ዋና አንባቢ ባለአክሲዮኑ ነው። የአንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ የሂሳብ መግለጫ ግን በዋናነት የሚነበበው በገቢዎች መሥሪያ ቤትና በባንክ የብድር ክፍል ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአካውንቲንግ ተመራማሪዎቹ ቦልና ሺቫኩማር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የብሪታንያ የግል ኩባንያዎች በአክሲዮን ገበያ ከተመዘገቡት ጋር ተቀራራቢ የሂሳብ ደንብና የኦዲት ግዴታ እያለባቸው ኪሳራን በወቅቱ በመመዝገብ ረገድ ወደኋላ እንደሚቀሩ አሳይተዋል፤ ምክንያቱንም ያያዙት ከአንባቢው ፍላጎት ጋር እንጂ ከደንቡ ጉድለት ጋር አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነጥብ፣ መላምት ሲጻፍ አቅጣጫውም አብሮ መጻፍ እንዳለበት ነው። ለግብር የሚቀርብ ሪፖርት ትርፍን ወደ ታች፣ ለብድር የሚቀርብ ደግሞ ወደ ላይ የመግፋት ዝንባሌ ይኖረዋል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን አጥፍቶ መጠኑን ብቻ የሚወስድ መለኪያ ሁለቱን ተቃራኒ ባሕርያት በአንድ ቁጥር ይቀብራቸዋል።

የጥራትን ትርጉም ከዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድ የ2018 (እ.ኤ.አ.) ጽንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ መውሰድ ይቻላል። ማዕቀፉ ጠቀሜታንና እውነተኛ ውክልናን መሠረታዊ ባሕርያት አድርጎ፣ ተነጻጻሪነትን፣ ተረጋጋጭነትን፣ ወቅታዊነትንና በቀላሉ መረዳት መቻልን ደጋፊ ያደርጋቸዋል። የአገራችን የሕግ መነሻ ደግሞ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 እና የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድን ያቋቋመው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 332/2007 ናቸው። ይህ ክፍል ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ገምጋሚዎች ማዕቀፉን ያውቁታል።

መረጃው ከየት ይገኛል የሚለው ይበልጥ ያስቸግራል። ባንኮችና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ለሕዝብ ስለሚያወጡ ለአጥኚ ይቀላሉ፤ ነገር ግን «በደሴ ከተማ የሚገኙ የባንክ ቅርንጫፎች የሪፖርት ጥራት» የሚል ርእስ ከመነሻው የተሳሳተ ነው፤ ቅርንጫፍ ለሕዝብ የሚያወጣው ራሱን የቻለ፣ ኦዲት የተደረገ የሂሳብ መግለጫ የለውምና። ባንክ የሚጠና ከሆነ የጥናቱ አሃድ መላው ባንክ ነው፣ ርእሱም ወሎን መጥቀስ አያስፈልገውም። ወሎን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ወደ አምራች ድርጅቶችና ወደ ነጋዴዎች መሄድ ይኖርበታል፤ ለዚህም ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይዞ፣ የፋብሪካውን የሂሳብ ክፍል ኃላፊ በአካል አግኝቶ፣ የድርጅቱ ስም እንደማይገለጽ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ የሂሳብ መዝጊያ ጥድፊያ ስለሚበዛባቸው ጥያቄውን ወደ ኅዳር አካባቢ ማቅረብ የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ቀመሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 በጆንስ የቀረበውና በ1995 በዴቾ፣ ስሎንና ስዊኒ የተሻሻለው ሞዴል፣ ትርፍ ከጥሬ ገንዘብ ጋር ያለውን ልዩነት መነሻ ያደርጋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ድርጅት 12 ሚሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ አስመዝግቦ ከመደበኛ ሥራው ያገኘው ጥሬ ገንዘብ 7 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ 5 ሚሊዮን ብሩ አክሩዋል ይባላል፤ በትርፍ ተቆጥሯል፣ እጅ ግን አልገባም። ይህ በዓመቱ መጀመሪያ ከነበረው 50 ሚሊዮን ብር ጠቅላላ ሀብት ጋር ሲካፈል 0.10 ይመጣል። ሞዴሉ የሚጠይቀው ከዚህ 0.10 ውስጥ በሽያጭ እድገትና በቋሚ ንብረት መጠን ሊብራራ የሚችለው ስንቱ እንደሆነ ነው፤ ሳይብራራ የቀረው የሥራ አመራሩ ምርጫ እንደሆነ ይገመታል። ግምት ነው ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው፤ በዱቤ የሸጠና ሂሳብ ያሳበጠ ድርጅት በዚህ ቁጥር አይለያዩም።

ችግሩ ሞዴሉ በአብዛኛው በየዘርፉና በየዓመቱ ለብቻ የሚሰላ መሆኑና ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 10 ያህል ድርጅቶችን የሚጠይቁ መሆናቸው ነው። ከኮምቦልቻ በአንድ ዘርፍ የተሟላ መግለጫ የሚሰጡ 10 ድርጅቶች ማግኘት የሚጠበቅ አይደለም። የጨርቃ ጨርቁን፣ የብረታ ብረቱንና የዱቄቱን ፋብሪካ አንድ ላይ ጨፍልቆ ሪግሬሽን (የተለዋዋጮችን ግንኙነት የሚለካ የስታቲስቲክስ ስሌት) መሥራት የሚያሳየው የዘርፍ ልዩነትን እንጂ የሂሳብ ጥራትን አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ውጤት ስለሰጠ ብቻ ውጤት አለ ማለት አይቻልም።

ለዚህ አካባቢ የሚመረጠው መንገድ፣ በማዕቀፉ ባሕርያት ላይ ተመሥርቶ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥ መመዘኛ አዘጋጅቶ ሪፖርቶቹን ራሳቸውን ማንበብ ነው። ጥያቄዎቹ መጠይቅ ሆነው ለሂሳብ ሠራተኞች ሊበተኑ አይገባም፤ የራሱ ሪፖርት ጥራት ዝቅተኛ ነው ብሎ የሚሞላ ሠራተኛ ማን ነው? ነጥቡን የሚሰጠው አጥኚው ነው። በተሰብሳቢ ሂሳብ (ከደንበኞች ገና ያልተሰበሰበ ገንዘብ) ማስታወሻ ላይ «ለአጠራጣሪ ዕዳዎች በቂ መጠባበቂያ ተይዟል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ካለ 1 ይሰጠዋል። ዕዳው ከ90 ቀን በላይ የቆየው ስንት እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት የተያዘው መጠባበቂያ ከእውነተኛው ኪሳራ ጋር ምን ያህል እንደተቀራረበና ግምቱ ለምን እንደተለወጠ ከተዘረዘረ ደግሞ 5 ይገባዋል። በመካከል ያሉት 2፣ 3 እና 4 ምን እንደሚመስሉ ንባቡ ከመጀመሩ በፊት በምሳሌ ተጽፈው ይቀመጡ። ከዚያም ሌላ የአካውንቲንግ ባለሙያ ከሪፖርቶቹ የተወሰኑትን ለብቻው ነጥብ ሰጥቶ የሁለቱ ስምምነት በኮሄን ካፓ (በአጋጣሚ ሊገኝ የሚችለውን ስምምነት ቀንሶ በሚያሰላ የስታቲስቲክስ መለኪያ) ይለካ። ብዙ ጽሑፎች ይህን እርምጃ ይዘልሉታል፤ መዝለሉም ወዲያው ይታያል።

ዓመታትን ሲያነጻጽሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ2014 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ስለሆነ፣ የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምትና በኅዳር 2014 በደሴና በኮምቦልቻ ያደረሰው ዝርፊያና ውድመት ሙሉ በሙሉ በዚያ ዓመት ሂሳብ ውስጥ ያርፋል። በዚያ ዓመት የታየ ከፍተኛ አሉታዊ አክሩዋል ትርፍ የመደበቅ ምልክት ሳይሆን የተቃጠለ ክምችትና የጠፋ ማሽን ስረዛ ሊሆን ይችላል። ዓመቱን ከናሙናው ማውጣት ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ የተሻለው ግን ለብቻው ማንበብ ነው፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ጉዳቱን መቼና በምን ማስረጃ እንደመዘገበው፣ ሥራውን የመቀጠል አቅሙን በተመለከተም ኦዲተሩ ምን እንዳለ ከማየት የበለጠ የጥራት ፈተና አይገኝም። ሰነዶቻቸው የጠፉባቸው ድርጅቶች ከናሙናው ራሳቸው ስለሚወጡ፣ የቀሩት የተሻሉት ብቻ ሊሆኑ እንደሚችሉም ይጻፍ። በተመሳሳይ መንገድ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በዶላር ዕዳ ያለባቸው ድርጅቶች የ2017 ትርፍ በምንዛሪ ልዩነት ይናጋል። ባንክን ከፋብሪካ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ደግሞ በርካታ የግል ባንኮች ሂሳባቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ጁን 30፣ ማለትም በእኛ ሰኔ 23 መሆኑን ልብ ይበል።

ናሙናው ትንሽ ሲሆን ውጤቱን በሪግሬሽን ሠንጠረዥ ማስጌጥ አያስፈልግም። የእያንዳንዱን ድርጅት ነጥብ በየባሕርዩ አሳይቶ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን ማስታወሻዎች ጎን ለጎን መተንተን ይበቃል። የምስጢር ጥበቃው እዚህ ላይ ይፈተናል፤ በኮምቦልቻ አንድን ምርት የሚያመርተው ፋብሪካ አንድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል «ድርጅት ሀ፣ ብረታ ብረት፣ ከ500 በላይ ሠራተኞች» ብሎ መጻፍ ስሙን ከመጥራት አይተናነስም። ስለዚህ ዘርፍና የሠራተኛ ብዛት በአንድ ሠንጠረዥ አይቀመጡ፣ የብር መጠኖች ከጠቅላላ ሀብት አንጻር በመቶኛ ይቅረቡ፣ ከማስታወሻ በቀጥታ የሚጠቀሰው ቃል የምርቱን ዓይነት እንዳይገልጥ ይታይ፤ የድርጅቶቹን ስም ከመለያ ፊደላቸው ጋር የሚያገናኘው ዝርዝርም ለአማካሪው ከሚላከው ፋይል ተለይቶ ይቀመጥ።