ልቧን ወይም ነርቯን የሚያማትን ትንሽ ውሻ ቤት ውስጥ እንዴት እንከታተላት?

ባሕር ዳር ላይ ለላም፣ ለበግ፣ ለበቅሎ ሐኪም ፈልጉ ብትባሉ አትቸገሩም። የትንሽ ውሻን ልብ በአልትራሳውንድ የሚያይ መፈለግ ግን ያደክማል። ስለዚህ ዋናው ክትትል የእናንተ ነው።

መጀመሪያ ዘሯን እወቁ። ካቫሊየር ከሆነች የልብ ቫልቭ ሕመም በዘሯ የተለመደ ነው። የራስ ቅሏም ለአንጎሏ ስለሚጠባት በአከርካሪዋ ውስጥ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ የኋላ እግሯን አንስታ ቆዳዋን ሳትነካ ባዶ አየር ካከከች ወይም አንገቷን ስትነኳት ከጮኸች ቁንጫ ነው ብላችሁ አትለፉት። ቺዋዋ ከሆነች ደግሞ አናቷን ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። እንደ ሕፃን ልጅ እርግብግቢታቸው ሳይገጥም የሚቀር አሉ። ያ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ቢሆንም ጭንቅላቷን ከመመታት ጠብቋት፣ ለሐኪምም ንገሩ።

የአንገት ማሰሪያውን ጣሉት። በደረቷ ዙሪያ የሚታሰረውን ተጠቀሙ።

አሁን ዋናው ነገር። የእኔዋ ቡቺ ማሳል ስትጀምር ብርድ ነው ተብዬ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ልቧ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጭልጥ አድርጎ እንቅልፍ ሲወስዳት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን እቆጥራለሁ፤ ደረቷ ወጣ ብሎ ሲመለስ አንድ ነው፣ በደቂቃ ስንት እንደሆነ ደብተር ላይ ከነቀኑ እጽፋለሁ። ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። ደብተሬ 22፣ 24፣ 23 እያለ ከርሞ አንድ ሌሊት 38 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ 40። በሌሊት ደወልኩ። ሳንባዋ ውኃ መያዝ ጀምሮ ነበር፣ ደግነቱ በጊዜ ደረስንላት።

ፉሮሰማይድ የሚባለው፣ የተጠራቀመ ውኃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ከታዘዘላት ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ ውኃም ይጠማታል። ምንጣፉን አበላሸች ብላችሁ ውኃ እንዳትከለክሏት! ፒሞቤንዳን የሚባለው የልብ መድኃኒት ደግሞ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሰጥ ይሻላል። መጠኑን ሐኪም ይወስን።

የነርቭ ሕመሟ፣ ማለትም የሚጥል በሽታ፣ ሲጥላት ክብሪት አታሽትቷት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ምላሷን አትውጠውም። ዕቃውን ከአጠገቧ አንሱ፣ መብራቱን ቀንሱ፣ ሰዓት ያዙ፣ የሚያግዝ ሰው ካለ በስልክ ይቅረጽ፤ ሐኪሙ ከእናንተ ወሬ ይልቅ ከቪዲዮው ብዙ ያያል። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቴ ከጣላት ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዷት። ፊኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረች ውሻ የመድኃኒት ሰዓቷ መዛነፍ የለበትም። ተሻላት ብሎ በድንገት ማቆም ከበፊቱ የባሰ ያመጣል። ጉበቷም በየ6 ወሩ በደም ምርመራ ቢታይ ጥሩ ነው።

ምግብ ላይ እኛ ጎጃሞች እንግዳ ሳይበላ አይሂድ ባዮች ነን፣ ለውሻም እንዲሁ። ግን ወጥ አትስጧት። ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ጨውም ለታመመ ልብ ሸክም ነው። የእናንተን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም በፍጹም። የግንቦት ሙቀት ሲመጣ ሐይቁ ዳር ማንሸራሸር ካማራችሁ ማለዳ ይሁን፣ ስትቆም ቁሙላት፣ አትጎትቷት።

አታስወልዷት። ቡቺን ያየ ጎረቤት ሁሉ "ስትወልድ አንዷን ለእኔ" ይለኛል። ደብተሩን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።