ለፍሎሮስኮፒ ፈተና በስልክ ባትሪ ማጥናት

ካሊፎርኒያ ሄዳችሁ ለመሥራት ያሰባችሁ ሐኪሞች፣ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። እዚያ ፍሎሮስኮፒ (በኤክስሬይ የሰውነትን ውስጥ በቀጥታ በተንቀሳቃሽ ምስል ማያ) ለመጠቀም ሐኪም መሆን ብቻ አይበቃም፤ ራሱን የቻለ ፈቃድ አለው፣ ፈተናም አለው። አናቶሚው አያሳስባችሁ። ጉዱ ፊዚክሱ ላይ ነው።

እኔ የርቀት ሕግ በደንብ የገባኝ ጅማ ቤቴ መብራት የጠፋ ማታ ነው። (መቼም መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም።) የስልኬን ባትሪ ግድግዳው ላይ አበራሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል የብርሃኑ ክብ ሰፋ፣ ድምቀቱም ፈዘዘ። ጨረርም እንደዚያው ነው፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሩብ ይቀራል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ። ቁጥሩን እየቀያየራችሁ በወረቀት ሥሩት።

የጨረር ቱቦው ከአልጋው በታች፣ ምስል ተቀባዩ ደግሞ በሽተኛው ላይ ጠጋ ብሎ መሆኑን ሥዕል ሣሉ። ወደ እናንተ የሚረጨው ጨረር በአብዛኛው ከበሽተኛው ሰውነት የሚመጣ ነው። ምስል ማጉላት ዶዝ (በሽተኛው የሚቀበለውን የጨረር መጠን) ይጨምራል።

አሜሪካኖቹ የድሮውን የጨረር መለኪያ፣ ሬምን፣ ገና አልተዉትም። 1 ሲቨርት (ዓለም አቀፉ መለኪያ) 100 ሬም ነው። የሠራተኛ የዓመት የጨረር ጣሪያቸው 50 ሚሊሲቨርት ወይም 5 ሬም ነው፤ በሁለቱም መልኩ ያዙት።