የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ወደ ሰርቨር አትላኩ

የኢትዮጵያ ካሌንደር ያለው አፕ የምትሠሩ፣ ተጠቃሚው የመረጠውን ቀን እንዳለ ሰርቨሩ ላይ ያለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ አታስገቡት። ጥቅምት 30 በቁጥር ወር 2 ቀን 30 ነው፤ ዳታቤዙ ቀኑን የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነና ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ስለማያውቅ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አትገባም። የባሰው ግን ዝም ብሎ የሚገባው ነው፦ መስከረም 5 ቀን 2017 ጃንዋሪ 5 ሆኖ ይቀመጣል፣ የምታውቁት ሪፖርት ሲወጣ ነው። እኔን ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ሰርቨሩ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ይያዝ (የኛ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያ 5:00 ነው)፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀየረው ስልኩ ላይ፣ ለማሳያ ብቻ ይሁን። የልደት ቀን ግን ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ ያለ ሰዓት ይላክ፤ እኩለ ሌሊት ተብሎ ወደ ዩቲሲ ከተቀየረ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል።