ቤት ሲያስቀቡ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች፦ ለደጋ ከተማ ነዋሪ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የውጭ ቀለም በበጋ ፀሐይ፣ በክረምት ዝናብ ይፈራረቁበታል። ቤት ሊያስቀባ የተነሳ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የቀለሙን ዋጋ ብቻ ነው። ብሩን የሚበላው ግድግዳውና ወቅቱ መሆኑ የሚታወቀው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

1. ሒሳቡን ከጋሎን መጀመር

ሱቅ ገብቶ «ጋሎኑ ስንት ነው?» ማለት ቀላል ነው። መነሻው ግን ሜትር መሆን አለበት። የቤቱን ዙሪያ ይለኩ፣ በቁመቱ ያባዙ፣ በርና መስኮቱን ይቀንሱ። ዙሪያው 36 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ቤት 108 ካሬ ይመጣል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 95 ካሬ እንበል። ሁለት እጅ ሲቀባ 190 ካሬ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ 19 ሊትር ይበቃል። ልስኑ ሻካራ ከሆነ ግን 6 ወይም 7 ካሬ ላይ ያልቃል፤ ያው ቤት ወደ 30 ሊትር ይጠጣል። ኳርትዝ (ቅንጣት ያለው ሻካራ የውጭ ቅብ) ከሆነ ጭራሽ ሌላ ሒሳብ ነው፤ በኪሎ የሚሰላ ስለሆነ ባልዲው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው።

ቀለሙ ደግሞ የወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የተላጠውን መፋቅ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ)፣ ለፎቅ ቤት የመወጣጫ ኪራይ አለ። ከዴንቨር ወይም ከዱባይ ሆኖ በቴሌግራም ፎቶ አይቶ ብር የሚልክ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ ላይ ሁሉም ግድግዳ ደህና ይመስላል። ቤቱ ያለበት ሰው ልስኑን በእጁ ያንኳኳ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ተነስቶ እንደገና መለሰን አለበት፤ ያ ደግሞ የግንበኛ እንጂ የቀቢ ወጪ አይደለም።

2. ለእንቁጣጣሽ ማድረስ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስከፍል ስህተት ይመስለኛል። ዓመቱ ሲለወጥ ቤቱም ይለወጥ ማለት ደስ ይላል። ግን አስቡት። ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብበት የከረመ የብሎኬት ግድግዳ በጳጉሜን ውስጡ ውኃ ነው። ላዩ ደርቆ ይታያል። ቀለም ሲደረብበት ውኃው መውጫ ያጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙን እየነፋ ይልጠዋል። በዚያ ላይ ሁሉም ሰው ቀቢ የሚፈልግበት ጊዜ ስለሆነ የእጅ ዋጋው ይወደዳል። ውድ ከፍሎ በማይሆን ወቅት ማሠራት ማለት ይህ ነው።

ለበዓሉ ሳሎኑን አስቀቡ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ውጩ ግን ቢያንስ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይቆይ። መድረቁን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከጀርባው ጠል ከታየ ግድግዳው ገና ነው። አዲስ ልስን ከሆነ ደግሞ ዝናብ ባይኖርም አራት ሳምንት ያህል ይጠበቅ፤ ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ይበላል።

በጋውም የራሱ ጣጣ አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አብዛኛው የውኃ ቀለም ደግሞ ከዚያ በታች በደንብ አይያያዝም። ጠዋት ግድግዳው ጤዛ ስለሚሆን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጀመር አይቻልም። ከቀኑ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ ቀለሙ ብርድ ሳይዘው መድረቅ አለበት። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ መቀባት ቀለሙን ቶሎ ስለሚያደርቀው የሮለር መስመር ይቀራል። ጎበዝ ቀቢ ጥላውን እየተከተለ ነው የሚሠራው። እንግዲህ የሥራው ቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ብቻ ሆነ። ሠራተኛ በቀን ሒሳብ የያዘ ሰው ይህን አስቀድሞ ካላሰበ በጀቱ ቀኑ ሲረዝም አብሮ ይረዝማል። እኔ ብሆን ለውጭ ሥራ በካሬ ነው የምነጋገረው።

3. ርካሹን የውስጥ ቀለም ውጭ መቀባት

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ከምድር ወገብ ቅርበቱ ሳይቆጠር። የውስጥ ቀለም ይህን አይችልም። በሁለተኛው ዓመት እጅ ሲያስነኩት እንደ ኖራ ዱቄት ይሆናል። አክሪሊክ የሚባለው የውጭ ቀለም ዋጋው ይወደዳል፤ ነገር ግን የእጅ ዋጋውና መወጣጫው ለሁለቱም ያው ስለሆነ በርካሹ የሚተርፈው ብር በሚቀጥለው ቅብ ይጠፋል።

የቀለሙ ዓይነትም ዋጋ አለው። ብዙዎቹ ደማቅ ቀይና ቢጫ ቶሎ ይደበዝዛሉ። ከአፈር የሚቀራረቡት፣ ማለትም ቡናማ፣ የጡብ ቀለምና ግራጫ፣ ይቆያሉ። ቤቱ ዋና መንገድ ዳር ከሆነ ግን ምርጫው የእርስዎ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ወረዳውን ይጠይቁ።

አራቱም ግድግዳ እኩል አይጎዳም። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡቡና የምዕራቡ ወገን ቀድሞ ይነጣል። ብር ካጠረ ሁለቱን ወገን ዘንድሮ፣ የቀረውን ለከርሞ ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ለከርሞ ያንኑ ቀለም ለማግኘት የቀለሙን መለያ ቁጥር ከባልዲው ክዳን ላይ ፎቶ ማንሳት ብቻ እንዳይረሳ።

4. እርጥበቱን ትቶ ቀለም መደረብ

ከመሬት ከፍ ብሎ እስከ ጉልበት ድረስ የሚላጥ ግድግዳ ቀለም አልጎደለውም። ወይ አሸንዳው ተበስቷል፣ ወይ የጣሪያው ውኃ መሬት ነጥሮ ይረጨዋል፣ ወይ ግቢው ወደ ቤቱ ያዘነብላል። አሸንዳ ማስጠገን ከቀለሙ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። ሳይጠገን የተቀባ ቤት በቀጣዩ ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ይላጣል።

አንዳንድ ቀቢ ደግሞ የውጭ ስንጥቅ በጂፕሰም ይደፍናል። ያምራል፣ ቶሎም ያልቃል። ጂፕሰም ግን ዝናብ አይችልም። የውጭ ስንጥቅ በሲሚንቶ ወይም ለውጭ በተሠራ መድፈኛ ይደፈን፤ ይህም ዋጋ ማቅረቢያው ላይ በስሙ ይጻፍ።

5. አዲስ ቆርቆሮ ላይ ዘይት ቀለም

በቀጥታ ከተቀባ ይላጣል። ለጋልቫናይዝድ (ዚንክ ለተለበጠ ቆርቆሮ) የሚሆን ፕራይመር ይቅደም። የዛገው በርና ፍርግርግ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ። ይኸው ነው።

6. «በቁርጥ ጨርሰናል» ብሎ ዝም ማለት

ቁርጥ ዋጋ ጥሩ ነው፤ ምን እንደሚያካትት ከተጻፈ። ስንት እጅ? ፕራይመር አለ? ቀለሙን ማን ይገዛል? ቫት 15 በመቶ ውስጡ ነው ወይስ በላዩ? የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ስንቱን ያጣላል።

ቀለሙን ራስዎ ይግዙት ባይ ነኝ። ቀቢ ደንበኛ ይዞ ሲመጣ ከሱቁ የምትሰጠው ኮሚሽን እንዳለች ሁሉም ያውቃል፤ ያቺ ኮሚሽን ከማን ኪስ እንደምትወጣ መገመት አያቅትም። የታሸገው እርስዎ ፊት ይከፈት፣ ባዶ ባልዲዎቹም እስከ መጨረሻው ግቢ ውስጥ ይቆጠሩ። ቀለም በውኃ ሲቀጥን በዓይን አይታወቅም፤ የባልዲው ቁጥር ግን ከካሬው ሒሳብ ጋር አልገጥም ይላል።

ዋጋ ማቅረቢያ ላይ እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፍ። ለቀለም የሚሆነው ጥሬ ዕቃ አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሰኔ ላይ የተሰጠ ዋጋ ጥቅምት ላይ ይሠራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ከጠቅላላው 10 ወይም 15 በመቶ ለድንገተኛ ይቀመጥ። ድንገተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መፋቅ ሲጀመር ነው።

ቀብዱ ሠራተኛው ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሁን። ቀሪው በየደረጃው፦ ፋቆ ሲጨርስ፣ የመጀመሪያው እጅ ሲያልቅ፣ ሁለተኛው ሲያልቅ። ከክፍያው ትንሽ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ማስቀረት ቢቻል ደግሞ ጥሩ ነበር። ብዙ ቀቢ በዚህ አይስማማም፤ እውነቱን ለመናገር እሱም የቤት ኪራይ አለበት። ቢያንስ ዝናብ ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን መጥቶ የተላጠ ቢኖር እንዲነካካ ውሉ ላይ ይስፈር።