በመጀመሪያው መታጠፊያ የምትወድቅ ሞዴል አውሮፕላን፦ የደብረ ብርሃን ችግርና መፍትሔው

ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። አውሮፕላኗ ከእጅ ተወርውራ ጥቂት ቀጥ ብላ ትበርና ወደ አብራሪዋ ለመመለስ ስትታጠፍ አንደኛው ክንፏ በድንገት ዘቅዝቆ በአፍንጫዋ መሬት ትወጋለች። ባለቤቱ ስብርባሪውን በፌስታል ይዞ ይመጣና «ሞተሩ ጠፋብኝ» ይላል፤ ሞተሩን ከባትሪ ጋር ሳገናኘው ግን ያለ አንዳች እንከን ይሽከረከራል።

ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የፍጥነት ማነስ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይ በከረረች ቁጥርም ይብሱን ይሳሳል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየበረረች የማትወድቅ አውሮፕላን እዚህ 35 ገደማ ያስፈልጋታል። 60 ዲግሪ አጋድላ ስትታጠፍ ደግሞ ክንፉ የክብደቷን እጥፍ መሸከም ስላለበት 35ቱ ወደ 50 ይጠጋል። ከዚያ በታች አየሩ ከክንፉ ይላቀቃል፤ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይኸው ነው።

የትልቅ አውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ የሚያነበው ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት ስለሆነ የአየሩን መሳሳት አብሮ ይቆጥራል፤ እኛ ግን ያለን ዓይናችን ብቻ ነው፣ ዓይን ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያይም። (21 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚበረው ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን በስቶልና በላይኛው የፍጥነት ወሰኑ መካከል የሚቀረው ክፍተት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የላይኛው ወሰን የእኛ ጭንቀት አይደለም፤ የታችኛው ግን ያው ነው።)

መፍትሔው፦ ከባሕር ዛፍ ጫፍ በላይ ሳትወጡ አትታጠፉ፤ ስትታጠፉም ከ30 ዲግሪ በላይ አታጋድሉ። ክንፉ ሲዘቀዝቅ የከፍታ መሪውን ወደ ራስ መሳብ፣ ሁሉም ጀማሪ የሚያደርገው ቢሆንም፣ ስቶሉን ያባብሰዋል። መሪውን ልቀቁት፣ አፍንጫዋ ዝቅ ይበል፣ ኃይል ጨምሩ፣ ፍጥነት ስታገኝ ቀስ ብላችሁ አቅኗት።

ክብደትም ይቀነስ። አንድ ተማሪ የፎም አውሮፕላኑን ሦስት ጊዜ በዘይት ቀለም ቀብቶ፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ ስልኩን በፕላስተር ለጥፎባት በበሬሳ ወንዝ አጠገብ ካለው መስክ አስነሣት፤ በመጀመሪያው መታጠፊያ በጎች መካከል ወደቀች። በጎቹ ተረፉ፣ ስልኩ አልተረፈም። ጠግኜ ስሰጠው በሳምንቱ በሌላ ስልክ ደገመው። ቀለም አትቀቡ፤ የተሰበረውን ክንፍም ሙጫ በላይ በላዩ እያፈሰሳችሁ አታክብዱት።

ሞተሩ ደህና እየዞረ መግፋት ካቃተው ዲያሜትሩ በአንድ ኢንች የሚበልጥ ፕሮፔለር (አየሩን የሚገፋ ተሽከርካሪ ምላጭ) ግጠሙለት፤ ነገር ግን ስስ አየር ማቀዝቀዝም ስለሚያንሰው ከሁለት ደቂቃ በረራ በኋላ አውርዳችሁ ሞተሩን ዳስሱት፤ ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ወደ ቀድሞው ፕሮፔለር ተመለሱ። ከገበያ የሚመጡትን ሚዛናቸው የተዛባ ርካሽ ፕሮፔለሮች ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልገጥምም፤ ንዝረታቸው የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላዋል።

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት ኃይል የሚያጣ ባትሪ ከበረራ በፊት በጋቢ ውስጥ ይቆይ። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር የሚያጨስና የሚንተፋተፍ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታልና የነዳጁን መርፌ (የሚገባውን ነዳጅ መጠን የሚወስነውን ብሎን) በጥቂቱ አጥብቁ።