የዱር እንስሳ ፎቶ ላይ እውነተኛ አስተያየት እንዴት ይሰጣል? እንዴትስ ይቀበሉታል?

«አሪፍ ነው!» «እጅህ ይባረክ!» የዱር እንስሳ ፎቶ ለወዳጅ ሲያሳዩ የሚገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ደስ ይላል፤ ለቀጣዩ ፎቶ ግን ምንም አይፈይድም። እስቲ ይሉኝታውን ወዲያ እንበልና፣ ጓደኛችሁ ከባሌ፣ ከሳነቴ አምባ የቀይ ቀበሮ ፎቶ አምጥቶ «እንዴት ነው?» አላችሁ እንበል።

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩት። ዓይናችሁ ቀድሞ የት አረፈ? ቀበሮው ላይ ነው ወይስ ከኋላው ያለው ነጣ ያለ ድንጋይ ላይ? ያያችሁትን ብቻ ንገሩት። እሱ ሲያነሳ ልቡ ቀበሮው ላይ ስለነበር ድንጋዩን ልብ ላይለው ይችላል።

ቀጥሎ ፎቶውን አጉሉና የእንስሳውን ዓይን ፈትሹ። «ደብዝዟል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጀርባው ጥርት ብሎ ዓይኑ ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል። መሬቱ ጥርት ብሎ የሚሮጠው ቀበሮ ብቻ ከተጎተተ ደግሞ ሹተር ስፒዱ (የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) ቀርፋፋ ነበር፤ ለሚሮጥ እንስሳ ከ1/1000 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

ብርሃኑ ላይ ቆይታ አድርጉ። ሳነቴ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ያፈጣል። የቀበሮው ደረት ደግሞ ነጭ ነው። «ብርሃኑ አላማረኝም» ከምትሉት «ደረቱ ላይ ፀጉሩ በብርሃን ጠፍቷል፣ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) ትንሽ ብትቀንሰው» በሉት። ጣት የሚቀሰርበት ቦታ የሌለው አስተያየት ባይሰጥ ይሻላል።

እንዴት እንዳነሳውም ጠይቁ። ምግብ ወርውሮለት ነው? አሳድዶት ነው? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያካሂደው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2009 አጥር ሲዘል የታየ ተኩላ ፎቶ አንደኛ ወጥቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዳኞቹ ተኩላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ሰረዙት።

ተራው የእናንተ ሲሆንስ? ፎቶውን ስታሳዩ ታሪኩን አታስቀድሙ። «ግማሽ ቀን ብርድ ላይ ተቀምጬ…» ካላችሁ ማን ደፍሮ ይተቻችኋል? ብርዱ ፎቶው ውስጥ የለም። ይልቅ ቆንጠር ያለ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከፊቱ ያለው ባዶ ቦታ በዛ?» መልሱ ሲመጣ «እሱማ እኮ…» ብሎ መከላከል ያምራችኋል። ቻል አድርጉት። ሰውየው አንዴ ከተሸማቀቀ ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም።

የሰማችሁትን ሁሉ መቀበል ግን ግዴታ አይደለም። «እኔ ብሆን ጥቁርና ነጭ አደርገው ነበር» የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ይለፍ። ሳይመካከሩ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ከቀሰሩ ግን ፎቶውን መልሳችሁ ክፈቱት። የተባለውን ኮፒው ላይ ሞክሩና ከዋናው ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። ካልተሻለ ዋናው እንዳለ ይቆይ።